አራተኛው ቋጠሮ

በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንደኛዋ ጥንብ አንሳ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰችው ሰኞ ጠዋት ነው። ክንፎቿን ስንዘረጋቸው ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተርፈው ወጡ። ጋሽ ሞረድ እንደ ልማዱ አንደኛውን ጫፍ በክርኑ ደግፎ ያዘልኝ።

«ይቺም ሴት ናት» አለ።

«ገና ሳልከፍታት በምን አወቅህ?»

«ፊቷን እይው። ትዕግሥት አለው።»

«ሁሉንም ሴት ናት ነው የምትለው።»

«ሁሉም ታጋሽ ናቸዋ! አንዷም ተነስታ ሄዳ አታውቅም።»

ጋሽ ሞረድ በዚህ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቢላ ሲስል የኖረ ረዳቴ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። እኔ የዱር እንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ግን የታመመ አላድንም። የሞቱትን ከፍቼ ለምን እንደሞቱ እጽፋለሁ። ሰዎች ሥራዬን ጠይቀውኝ ይህን ስመልስላቸው አብዛኞቹ ወሬ ይቀይራሉ።

ደረቷን ከፈትኩ። ልቧ ነጭ ነበር። እንደ ሌሎቹ አሥሩ ሁሉ አንድ ሰው ጠመኔ አድቅቆ በወንፊት የነፋባት ይመስላል። ጉበቷም እንደዚያው። ለከብት የሚወጋ አንድ የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ላሟን አይጎዳትም። ላሟ በተወጋች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞታ ጥንብ አንሳ ከበላቻት ግን የወፊቱ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ በሆድ ዕቃዋ ላይ ይረጋል። መድኃኒቱ ከተከለከለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ወፎቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ስጽፍ ኖሬአለሁ። በየስብሰባው ወረቀቴን አንብቤ ስጨርስ አንድ ሰው እጁን ያወጣል፤ «የትኛዋ ላም? ማን የወጋት?» ይለኛል። መልስ የለኝም። ወፏ እጄ ላይ ናት፤ ላሟ የለችም። ወረቀቴን አጥፌ እቀመጣለሁ።

ከወፊቱ አንገት ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ስቀድደው የላም ቆዳ ቁራጭ ወጣ። መዳፌን አያህልም። አንደኛው ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር አለ፤ የቀዶ ጥገና ክር። በመቆንጠጫ ይዤ ውኃ ሥር አጠብኩት።

አንድ ቋጠሮ። ሁለት። ሦስት።

አራት።

ውኃው ጓንቴ ላይ እየፈሰሰ ቆየሁ።

በዚህ ሁሉ አገር ቆዳ ሲሰፋ አራት የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ የከብት ሐኪም ነው። ወደ ማንኛዋም ላም ሲጠጋ «ቀስ በይ፣ እናቴ፣ ቀስ በይ» ስለሚል ገበሬዎቹ ስሙን ትተው «ቀስ በይ» ይሉታል። በአካባቢው የዱር እንስሳ ሲሞት በበረዶ ሣጥን አሽጎ፣ ቅጽ ሞልቶ የሚልክልኝ እሱ ነው። ከቅጹ ግርጌ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ሁለት መስመር ቦታ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህች ድኩላ ስትሞት ካፊያ ነበር። ለምርመራው ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም።» ውጤቱን ስልክለት «አይጠቅምም። ግን መጻፍህን አታቁም» አልኩት።

እንደዚያ ነው የጀመርነው፤ በሁለት መስመር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰፋ አይቼዋለሁ። ሽቦ አጥር ጭኑን የቀደደው የድኩላ ግልገል ነበር። «ሦስት ቋጠሮ ይበቃል። አራተኛው ለምንድን ነው?» አልኩት። ቀና ሳይል «እንቅልፍ እንዲወስደኝ» አለ። ልቤ የሄደው ያኔ ይመስለኛል።

ከዐሥር ቀን በፊት ደግሞ ቅጽ ሳይሆን እውነተኛ ደብዳቤ ላከልኝ፤ በፖስታ። «እናቴን አናግሬያታለሁ። ‹ሙት የምትቀድ ምራት!› ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ‹ትበላለች? ቀጭን ናት?› ብላ ጠየቀችኝ። የእኔን እናት ስለማታውቂያት ነው እንጂ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንቺ እሺ በዪኝ እንጂ ሌላውን ቀስ ብዬ እሸከመዋለሁ።» መልሱን ጽፌ ቀደድኩት፤ እንደገና ጽፌ ቀደድኩት። እሺ የሚለውን ቃል በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ስሞክር ዐሥር ቀን አለፈ። የመጨረሻው ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ፖስታው ግን አልታሸገም።

ከወፊቱ ጋር የመጣውን ቅጽ አነሳሁት። እንደ ሌሎቹ አሥር ቅጾች የእሱ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጭረቱ ረጅም። «በአካባቢው በቅርቡ መድኃኒት ተሰጥቶት የሞተ ከብት አለ?» ለሚለው የሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው። «የለም።» ግርጌው ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ባዶ ናቸው።

ክሩን ከነቆዳው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት። ብልቃጡን የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«ስንት ቁጥር ልስጠው?» አለ ጋሽ ሞረድ።

«ምኑን?»

«ኪስሽ የገባውን።»

እኛ ክፍል ከአንድ እንስሳ የወጣ ነገር ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥር የሌለው ነገር አልተገኘም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ጠዋት ታገሠኝ።»

ቢላውን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ልጄ፣ እዚህ ስቆም ቁጥር ዘልዬ አላውቅም። አሥራ አንድ ሀ ብዬ ጽፌዋለሁ። ፊት ለፊቱን ባዶ ትቼልሻለሁ። የምትሞዪው አንቺ ነሽ፤ ወይ የምትሰርዢው።»

ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ። ቁጣ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም፤ ብቻ እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ደቂቃ መቆየት አልቻልኩም።

* * *

በመንገዱ ላይ ሬዲዮውን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። አንዴ «ሌላ ሰው አራት መቋጠር አይችልም?» እላለሁ። አንዴ ደግሞ «ሲጽፍ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ጭረቱን አይቼዋለሁ» እላለሁ። ለራሴ ጠበቃም ዳኛም ሆኜ ደረስኩ።

ክሊኒኩ በር ላይ ፍየል የያዘች ሴትዮ ቆማለች። እሱ ውስጥ ሆኖ ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ውስጥ ጮኸች፦

«ቀስ በይ! ያቺ የደብዳቤዋ ናት መሰለኝ!»

«ምን ደብዳቤ?» አለ ከውስጥ።

«አንተ ፖስታ ቤት ሄደህ ‹መጣልኝ?› ስትል አገር አልሰማህም? ፍየሌን ነገ አመጣታለሁ። እሷ ትቆያለች፤ ይቺ ግን የምትቆይ አትመስልም።»

ሲወጣና ሲያየኝ፣ በእርጥብ እጁ ፀጉሩን አስተካከለ። ፊቱ በራ። መልሴን በአካል ይዤ የመጣሁ መስሎታል። ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበርና፣ እኔ ደግሞ ልሰብረው ነበር የመጣሁት።

«ምነው አስቀድመሽ ብትነግሪኝ! ሸሚዜን እንኳ...»

«ለደብዳቤህ አይደለም የመጣሁት።» ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ይህን የቋጠረው ማን ነው?»

ብልቃጡን አንስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲቆጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከወፏ አንገት።»

«አይሆንም። ተቀብራለች።»

«ማን?»

የተናገረው ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ ነው። የእናቱ ላም ናት። ያረጀች ነበረች፤ ምጥ ጠናባት። ጎኗን ቀድዶ ጥጃዋን አወጣ፤ ሰፋት። ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ወፎችን የማይጎዳው መድኃኒት አልቆ ነበር፤ ከመደርደሪያው ጥግ የቆየ፣ የተከለከለው መድኃኒት ብልቃጥ ነበረ።

«ጩኸቷን አልቻልኩትም» አለ። «የሌላ ሰው ላም ብትሆን ምናልባት እችለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተች። በጥልቁ ቅበሯት፣ ኖራ አድርጉባት ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ እማዬ ‹ቀብረናታል› አለችኝ።»

«የለም ብለህ ጻፍክልኝ።»

«ተቀብራለች ብዬ ነዋ! የተቀበረች ላም ማንን ትጎዳለች?»

«ይህን አትበለኝ። ወፎቹ መሞት ሲጀምሩ እንኳ አልጠረጠርክም? አሥራ አንድ ጊዜ በረዶ ስትሞላ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ያንን ቃል ስትጽፍ? ለመሥሪያ ቤት ብትዋሽ ይገባኝ ነበር። ቅጹ የሚመጣው እኮ ወደ እኔ ነው። ወደ እኔ!»

«ለዚያ ነዋ የዋሸሁት!» ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «የሚያነበው ሌላ ሰው ቢሆን እውነቱን እጽፍ ነበር። አንቺ ስድስት ዓመት ያንን መርፌ ስታሳድጂ ኖረሻል። እኔ በገዛ እጄ... እንዴት አድርጌ ልጽፍልሽ?»

ስለተቆጣሁት አዘንኩ፤ ስላዘንኩለት ደግሞ ተቆጣሁ።

* * *

የእናቱ ግቢ ከክሊኒኩ ጀርባ ነው። ስንገባ እናቱ የሟቿን ላም ጥቁርና ነጭ ጥጃ በትልቅ ጡጦ ወተት ያጠጡ ነበር። ጥጃዋ በግንባሯ ትገፋቸዋለች፤ እሳቸውም በጉልበታቸው መልሰው ይገፏታል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። እጄ ወተት ነው፤ አልጨብጥሽም።» አዩኝ። «እውነትም ቀጭን ናት» አሉት ልጃቸውን፤ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ።

«እማዬ» አለ፣ «ላሟን የት ነው የቀበራችኋት?»

«ከኮረብታው ሥር ነዋ። ነገርኩህ እኮ።»

«አሳዪኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ጥጃዋ ጡጦውን ጨርሳ ባዶውን መሳብ ጀመረች። እናትየው አልነጠቋትም።

«አልቀበርኳትም» አሉ። «ሰዎቹ አካፋ ይዘው መጡ፤ ቆፈሩ። ጉድጓዱን አየሁት። ጠበበኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ያለብኳት ላም ናት። አባትህ ሲሞት ትምህርት ቤት ያቆየችህ፣ ሐኪም ያደረገችህ እሷ ናት። አፈር እላይዋ ላይ ሲወድቅ መስማት አልቻልኩም። ወደ ኮረብታው ጎትቷት፣ ሰማይ እያየች ትረፍ አልኳቸው።»

«ለምን ዋሸሽኝ ታዲያ?»

«ቅበሯት ብለህ ስትወጣ ፊትህን አየሁታ! ያንን ፊት ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? የአንዲት ላም ቀብር ልትጠይቂ ይህን ሁሉ መንገድ?»

ነገርኳቸው። ስለ መርፌው፣ ስለ ነጩ ልብ፣ ስለ አሥራ አንዱ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሺ። ከዚያስ?»

«ሪፖርት እጽፋለሁ። የላሟ ባለቤት፣ የሐኪሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነት ይገባበታል። ከዚያ የሥራ ፈቃዱን ይወስዱበታል። ለአንድ ዓመት ይሆናል፤ ለሁልጊዜም ሊሆን ይችላል። አልዋሽዎትም።»

«ባትጽፊስ?»

«መርፌው በየሱቁ ጓዳ መሸጡን ይቀጥላል። የትኛዋ ላም ሲሉኝ እንደ እስከ ዛሬው ዝም እላለሁ።»

«ዝም በያ! ስድስት ዓመት ዝም ብለሽ ምን ሆንሽ? አልሞትሽ! ለወፍ ብለሽ ነው የእኔን ልጅ ባዶ እጁን የምታስቀሪው? ያውም ጥንብ ለሚበላ ወፍ? ይወድሻል እኮ! ደብዳቤሽን ሲጠብቅ እንቅልፍ አጥቶ ግቢ ለግቢ ሲዞር የማየው እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ተዪ...»

«አልተውም! ስሚኝ፣ ልጄ። ያንን ወረቀት ከፈረምሽ በዚህ በር ሁለተኛ አትገቢም። እኔ በሕይወት እያለሁ አትገቢም።»

ሳላስበው አንድ ሐሳብ መጣልኝና ያዝኩት። «ለሌላ ሐኪም እሰጠዋለሁ» አልኩ። «እኔ አልፈርምም። እንደውም ደንቡ ይፈቅዳል፤ የምታውቂው ሰው ጉዳይ ከሆነ ለሌላ ስጪ ይላል። ሌላ ይፈርም።»

እናትየው ትከሻቸው ወረደ። መውጫ ያገኘን መሰላቸው። ለእኔም ትንሽ አየር ገባልኝ።

እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ክሩን ያወቅሽው አንቺ ነሽ። ሌላው ሰማያዊ ክር አይቶ ‹አንድ ሐኪም› ብሎ ያልፈዋል። የማን እጅ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ያን ካልጻፍሽ ደግሞ እኔ ነገ በር ላይ ቆሜ የመጣችውን ላም ሁሉ ቀስ በይ እላታለሁ፤ አንቺ እዚያ ሆነሽ የላክሁትን ትከፍቻለሽ፤ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን ላንተያይ እንጋባለን። እንደዚያ አልፈልግሽም።»

«ፈቃድህን...»

«ሰምቻለሁ። ፈርቻለሁም። ከመርፌ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።» እጁን ዘረጋልኝ። «ቅጹን ይዘሻል?»

የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋነው። «የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ከላዩ ላይ «አለ። የወጋኋት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈና ቀኑን አኖረ። ብልቃጡን ከእጁ ተቀበልኩ። አሥራ አንድ ሀ ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ሪፖርቱን ጀመርኩ፤ የላሟን ባለቤት፣ መርፌውን፣ ክሩን፣ በመጨረሻም ስሙን። በቅጽ ላይ ስንት ጊዜ ያነበብኩትን ስም በራሴ እጅ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነበር። ፈረምኩ። ፊርማዬ ጠማማ ወጣ።

እናትየው ጡጦውን ይዘው ከበረታቸው ደፍ ላይ ሲያዩን ነበር።

«ለደብዳቤህ መልስ ነበረኝ» አልኩት ዝቅ ብዬ። «ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እሺ ነው የሚለው። አሁንም...»

«አትንገሪኝ።» እጁን አነሳ፤ ሊያስቆመኝ እንደፈለገ፣ ወይም ሊነካኝ። «ዛሬ ከሰማሁት ለፈቃዴ ካሳ የሰጠሽኝ ይመስለኛል።»

«መቼ ልንገርህ?»

«ሲቀለኝ እኔው እጠይቅሻለሁ። እንደ አዲስ። ትጠብቂኛለሽ?»

መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ ቆሜ አልጠብቅም። «እጠብቃለሁ» አልኩት፤ እየፈራሁ።

በሩን ከፍቼ ልገባ ስል፣ ከበረቱ ደፍ ድምፅ መጣ።

«አንቺ!»

ዞርኩ። እናትየው አልተንቀሳቀሱም።

«እነዚያ ወፎች... ስንት ጫጩት ነው የሚያሳድጉ?»

«አንድ፣ እማማ። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥሉት።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። አባትና እናት እየተፈራረቁ ይታቀፉታል። አንዱ ምግብ ፍለጋ ሲሄድ አንዱ ይቀመጣል። ከሁለት አንዱ ከሞተ የቀረው...»

«የቀረው ምን?»

«ጫጩቱን ትቶ መሄድ አይችልም። ካልሄደ ደግሞ የሚያበላው የለውም።»

እሱን አየሁት፤ አንድ ልጃቸውን፣ ብዕሩን ገና በእጁ የያዘውን። እሳቸውም አዩት። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነው። ጥጃዋ ቀሚሳቸውን በአፏ ይዛ ትጎትታለች፤ አላባረሯትም።

«አሁን ያሉትን ማን ያበላቸዋል?» አሉ።

ብዙ ነገር አጥንቻለሁ። ይህን ግን በአፌ ልላቸው አልቻልኩም። ማንም እንደሌለ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ ነገርኳቸው።

ወደ ግቢው ስንመጣ ስለ እናቱ «ለላሟ እንኳ ስታለቅስ አላየኋትም» ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ጡጦውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው እስከ አገጫቸው ወረደ። እሱ ወደሳቸው ሊሮጥ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ቆመ፤ ወደ እኔ ተመለከተ። ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። እኔም ልሂድ ወይስ ልቅር አላወቅሁም። የመኪናው በር በእጄ እንደተከፈተ ነው።

በሩን ዘጋሁትና፣ አትገቢም ወዳሉኝ ሴት፣ እግሬ እየከበደኝ መራመድ ጀመርኩ።